በመጀመሪያው ቀን አይሸጥም

ባለቤቴ እዚህ አሜሪካ፣ ኤደን ፕሬሪ የምትባል ከተማ ውስጥ ባለ የዶሮ ጥብስ ቤት ለዓመታት ሠርቷል። እዚያ ቤት አንድ ደወል አለ። የተጠበሰው ዶሮ ሳይሸጥ ከቆየ ደወሉ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ትሪው እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ይገለበጣል። ለሠራተኛ መስጠት እንኳ ክልክል ነው። ባሌ እቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ "ዛሬም ደፋሁ" ይለኛል። እኔም ከሆስፒታል ሥራዬ ወገቤ ተቆርጦ የመጣሁ ሴት ነኝና "ታዲያ ሐዘን ልቀመጥልህ?" እለው ነበር።

ይኼ ሰው ያደገው ኩባ ነው። አባቱ በሶማሌ ጦርነት ሲሞት፣ ደርግ ከብዙ ልጆች ጋር በመርከብ አሳፍሮ ላከው። እዚያ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሴት እንደ ልጃቸው አዩት። ሩዙ ሲያንስ ከራሳቸው ሳህን ይጨምሩለት ነበር። እኚያ ሴት አርጅተው በሕይወት እንዳሉ የሰማ ዕለት ነው ነገሩ የጀመረው። ሃቫና ላይ የአሜሪካ ዓይነት ዶሮ ቤት እከፍታለሁ አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ኮሚኒስት አገር ውስጥ ፋስት ፉድ?" አልኩት።

"አሁን እኮ የግል ሱቅ አላው አድርገዋል፣ ተፈቅዷል። በክላስሜቴ ስም ይሆናል።"

"ዶሮውንስ ከየት ታመጣለህ?"

"ይመጣል" አለ።

ሳቅሁበት፤ መከልከል ግን አልቻልኩም። በትዳራችን ውስጥ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ቅመሙን እቤታችን ቀምሞ፣ እዚሁ አጠገባችን ብሉሚንግተን ካለው ትልቁ ገበያ ቀያይ ቆቦች ገዝቶ ሄደ።

አብሮት የተማረው ኩባዊ ጓደኛው የቤቱን የፊት ክፍል ለቀቀለት። ዶሮውን፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን እየተሰለፉና እየለመኑ፣ ለወራት ደክመው አጠራቀሙ። ሊከፍቱ ሲሉ ጓደኛው የምግቡን ዋጋ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ባሌ አወረደው። እኛ ዘንድ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ሰው ይጠራል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። በዚያን ቀን መሸጥ ለእሱ ነውር ነው።

የጠራው እኚያን ሴትና ጎረቤቱን ብቻ ነበር። በዚያ አገር ግን ሰልፍ ያየ ሁሉ ይሰለፋል። መንገዱ ሞላ፤ ባሌ ደግሞ በድግሱ ቀን ከደጁ ሰው ለመመለስ አንጀቱ አልቻለም። በስልክ ሲያሳየኝ ቀይ ቆቡን አድርጎ፣ ላቡ እየወረደ፣ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያጎርሳል። እኚያ ሴት ወንበር ተሰጥቷቸው በሁለት እጃቸው ይበላሉ። እኔም ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ማቀዝቀዣው ባዶ እስኪሆን አበላ። ሴትዮዋን ሲሸኛቸው "እማዬ፣ ነገም ነይ፤ ትኩስ እጠብስልሻለሁ" አላቸው።

ከዚያ በኋላ ዶሮ አልተገኘም። አመጣለሁ ያለው ነጋዴ ራሱ ጠፋ። ሴትዮዋ በነጋታው መጡ፤ ከዚያም ወዲያ በየቀኑ መጡ። ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እሱ "ነገ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም አምነውት ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ደውሎ "በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ" አለኝ። ድምፁን ስሰማ ልቤ ተሰበረ። "በቃ፣ ና" አልኩት። ሳይሰናበታቸው መጣ።

ሌላ ሥራ ስላላገኘ ወደ ድሮው ዶሮ ጥብስ ቤት ተመለሰ። ሥራ በጀመረበት ቀን ጠዋት ጓደኛው ከሃቫና ደውሎ ነበር። ምን እንዳለው ስጠይቀው "ምንም" ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ልወስደው ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስጠብቀው ደወሉ ጮኸ። ትሪውን አነሳና ቆመ። ዶሮው ገና ይጤሳል።

"ዩ ኦኬይ?" አለችው ማናጀሯ።

እሱ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ "እማዬ ዛሬም በሩ ላይ ናት" አለኝ።

ከዚያም ገለበጠው።