ግማሽ ስኒ የጦስኝ ዘይት

ባለፈው ቅዳሜ ከኮሶበር ገበያ ስመለስ ልጄ ሰላም ጓዳ ቁጭ ብላ የፊት ቅባት ትቀምማለች። የምትሸጠው ቅባት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እየሻገተ አስቸግሯት ነበር። «እማ፣ የፋብሪካ ኬሚካል አያስፈልገኝም፤ የጦስኝ ዘይት እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል» አለችና ትንሽ ጠርሙስ ከፈተች። ሽታው ሲመታኝ እጄ ሳላዘው ሻሼን ያዘ።

ያን ሽታ የማውቀው ከዳንግላ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ይርጋ ጋሪ ይነዳል፣ እኔ የራስ ቅቤ እሸጣለሁ። ቅቤ ሲሰነብት ይከረፋል፤ ጦስኝና ኮሰረት ከገባበት ግን ወር ይቆያል። ይህን ሴት ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ባይ ነበርኩ። ቅጠሉ ወር ካቆየ ዘይቱ ዓመት ያቆያል ብዬ ጦስኙን በአረቄ ማውጫው ጋን አፈላሁት። ሦስት ቀን ጢስ ጠጥቼ፣ በመቃው ከወረደው ውኃ ላይ የሰፈፈውን እየቀዳሁ፣ ግማሽ ስኒ ዘይት አገኘሁ። እኩሌታውን ከአንድ ትንሽ ቅል ቅቤ ጋር ለወስኩት። በራሴ ላይ እንኳ ሳልሞክር ሸጥኩት።

የገዛችው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች ሙሽራ ናት፤ ጥሩዬ ትባላለች። ጥር ነበር፤ ለሠርጓ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ተቀብታ አደረች። ጠዋት አናቷ ውኃ ቋጥሮ፣ ጸጉሯ ከነቆዳው እየተነሳ ነቃች።

ከይርጋ ጋር በራፍ ላይ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ስንበላ ሁለት ወንድሞቿ ዱላ ይዘው ገቡ። ጋኑን ሰበሩት፣ ቅሎቹን ረገጧቸው። «ማን ልኮሽ ነው መድኃኒት ያደረግሽባት?» አለኝ ታላቅየው። ይርጋ «ተው፣ ሴት ናት» ብሎ ሲነሳ ዱላው አገጩ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርሱ ድንቹ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ዱላ ለራሴ የተሰነዘረ ነበር፤ በክንዴ መከትኩት፤ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት።

ይርጋ መጥረቢያውን ከበሩ ጀርባ አንስቶ ታላቅየውን ግድግዳ ላይ አጣበቀው። ታናሽየው ከኋላ በዱላ ጀርባውን ይደበድበዋል፣ እሱ ግን አይዞርም። በእኛ አገር ደም ከገባ በሁለት ሰው አያልቅም። ይርጋ ከገደለ ይገደላል፤ ይህ ብቻ ነበር የታየኝ።

ስኒውን ከመደርደሪያው በደህናው እጄ አነሳሁ። «እዩኝ! መድኃኒት ከሆነ እኔም ልሙት» ብዬ የተረፈውን ዘይት አናቴ ላይ ደፋሁት፤ በጥፍሬም አሸሁት።

እሳት ነው። ከጩኸቴ ብዛት ይርጋ መጥረቢያውን ጥሎ ወደ እኔ ሮጠ። ከእንስራው ውኃ እየቀዳ ያጠበኝ ግን ታናሽየው ነው፤ ዱላውን የት እንደጣለው አላየሁም።

ሽማግሌ ገባ፤ ሠርጉም ከፋሲካ ወዲያ ተሻገረ። እኔ ክንዴን እንደታሰርኩ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልለምን ሄድኩ። እናቷ በአዊኛ ሲረግሙኝ ጥሩዬ ወጥታ ድንጋዩን ከጫንቃዬ አወረደችልኝ። አናቷ በነጠላ ተሸፍኗል።

«ስንት ጠብታ ጨመርሽ?» አልኳት ሰላምን።

«ጠዋት ለሸጥኩትም ሽታው ደስ እስኪለኝ ነው የጨመርኩት፤ አልቆጠርኩም።»

ሻሼን ፈታሁ። ልጄ አናቴን አይታው አታውቅም። ጸጉር የማያበቅለውን፣ የተጨማደደውን ቆዳ ቆማ አየችው።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«እኔው ነኝ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚያወግዘው ዱላውን ነው። እኔም ለብዙ ዓመት ለራሴ እንደዚያው ሳወራ ኖሬያለሁ። ግን በዚያ ቀን መጀመሪያ ሰው ያቆሰልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ገንዘቧን ተቀብዬ።

ሰላም አላጽናናችኝም። ስልኳን አንስታ ለደንበኛዋ ደወለች። «ጠዋት የወሰድሽውን ቅባት እንዳትነኪው» አለች። «አሁን በባጃጅ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ሻሼን መልሼ አስሬ አብሬያት ወጣሁ።