የአሥራ አንድ መድኃኒቶች ዝርዝር

አባቴ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ ከመካነ ሰላም ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ወስደነው አጥንቱ በብረት ተያዘ። አስታማሚው እኔ ነበርኩ። አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ ቁስላቸው መግል ይዟል፤ ጠያቂ የላቸውም። በአገራችን የጎረቤት አልጋ በሽተኛም የራስ ነውና እሳቸውንም አገላብጥ ነበር።

«ልጄን ቀሙኝ እኮ!» ይላቸዋል አባቴ።

«አላህ ለሁለታችን ነው የላከው፤ አትሰስት!»

ከእሳቸው ስመለስ የአባቴን ፋሻ አስተካክላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የአባቴም ቁስል መግል ያዘ፤ ትኩሳቱ በመርፌ አልበርድ አለ። የቁስሉ ናሙና ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝ። ከተዘረዘሩት አሥራ አንድ መድኃኒቶች አሥሩ ጀርሙን አይገድሉትም።

«አንዱን እንሞክራለን። እሱም ካልሠራ እግሩ ይቆረጣል» አለኝ።

«ከቤት ይዞት የመጣው ነው?»

«አይደለም፣ እዚሁ ነው የያዘው። ከሽማግሌውም ቁስል ይኸው ጀርም ነው የወጣው። ሁለቱንም የሚነካ ማን አለ?»

እጆቼን አየኋቸው። እዚያ በቆየሁባቸው ቀናት እጄን የታጠብኩት ምግብ ለመብላት ብቻ ነበር።

ወደ ክፍሉ ስገባ አባቴ «ና፣ ምን አሉህ?» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ልይዘው ፈራሁ።