የእናቴ ቡና በጨው ነው

ድርቁ ከመካነ ሰላም ያስወጣን ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ እናቴ ቡና አፈላች። ቡና ስላችሁ ገለባውን ማለቴ ነው፤ ፍሬውን ካየነው ከርመን ነበር። እሷ ግን ጨው ጣል አድርጋ፣ ከጓሮ የተረፈችውን አንዲት የጤና አዳም ቅጠል ነክራ፣ «ሰው ሆዱ ባዶም ቢሆን አፉን ሳያሟሽ አገሩን አይለቅም» አለችን።

በአቀስታ በኩል፣ ያን አጥንት የሚሰብር ብርድ አልፈን፣ በእግራችን ደሴ አጠገብ ካለው መጠለያ ደረስን። እዚያ እናቴን ትኩሳት ጣላትና ከሕሙማን ድንኳን አስገቧት። በሦስተኛው ቀን የአባቴ፣ የትንሹ ወንድሜ የሰይድና የእኔ ስም ተጠርቶ አውቶቡስ ላይ አወጡን። አባቴ «ሚስቴስ?» ብሎ ሲጮህ፣ አንዱ ድምፅ ማጉያ የያዘ «በሚቀጥለው መኪና ትመጣለች፣ አባባ፣ ይግቡ!» አለው። ገባን።

እና ይኸው ኢሉባቦር፣ ሰፈራ ጣቢያ ነን። ወላሂ ብታዩት! ቡናው ከቤታችን ጀርባ ጫካ ውስጥ ዝም ብሎ በቅሏል፤ እኛ በስኒ ስንቆጥበው የኖርነውን እዚህ ወፍ ይለቅመዋል። እዚያ ዱዓ ያደረግንለት ዝናብ እዚህ እንዲያባራ ዱዓ እናደርጋለን። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ «ኮቱ፣ ቡነ ዱጊ» እያለች፣ ነይ ቡና ጠጪ ማለቷ ነው፣ በቅቤ ታጠጣኛለች። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ግን ጦስኝ የለም፤ እኔ ደግሞ የጦስኝ ሻይ ካልቀመስኩ ዓይኔ አይገለጥም ነበር። ጠዋት አዴ ጫልቱ በሙቀጫ ስትወቅጥ ደንግጬ እነሳለሁ፤ እናቴ ትመስለኛለች።

መጻፍ የቻልኩት እዚሁ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ! ደስታዬን አልቻልኩትም።

የምንበላው ከጋራ ኩሽና ነው። ጠዋት ሻይ በበርሜል ይፈላና ስኳር ይገለበጥበታል። ሽማግሌዎቹ «ይህ ሽሮፕ ነው፤ ታመናል እንዴ?» ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ የሰፈራው ኃላፊ ማን ቡና በጨው፣ ማን ሻይ በስኳር እንደሚጠጣ ዝርዝር ይጻፍ አለ፤ ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ።

ሰይድ «ሻይ፣ ስኳሩ ማንኪያ እስኪያቆም!» አለኝ። አባቴ «ቡና፣ ወፍራም፣ በጨው» አለና ቀጠለ፦ «እናትሽንም ጻፊ። መንገድ ላይ ናት። ደርሳ ሳትጻፍ ብታገኘን ምን ትለናለች?» ጻፍኩ፦ ዘይነባ፣ ቡና፣ በጨው፣ ከጤና አዳም ጋር። ከሁሉም አሳምሬ የጻፍኩት የሷን ነው።

ዝርዝሩን ሳስረክበው ኃላፊው ጣቱን እሷው ስም ላይ አሳረፈ።

«ዘይነባ የታለች?»

«መጠለያ ቀርታለች፣ ጓድ። በሚቀጥለው መኪና ትመጣለች ብላችሁን ነበር።»

«ማን ነው ያለው?»

«ድምፅ ማጉያው።»

«ድምፅ ማጉያ ሰው ነው እንዴ?»

«አይ ጓድ፤ ግን ሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚሰማው።»

«ያ መጠለያ ከተዘጋ ቆየ እኮ። የመጣ መጥቷል። ለሌለ ሰው ጨው አይፈቀድም፤ ሰርዢ።»

«በስኳር ላድርጋት?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና እስክሪብቶውን ራሱ አቀበለኝ።

ሰረዝኩ። በንጹህ ወረቀት ገልብጬም ኩሽናው በር ላይ ለጠፍኩት።

አባቴ በየጠዋቱ ይዞኝ ይሄድና «እስቲ አንብቢልኝ» ይላል። ከራሱ ስም ጀምሬ «ሙሄ፣ ቡና በጨው» እለዋለሁ። «ሰይድ፣ ሻይ በስኳር።» ከዚያ ጣቴን ምንም ካልተጻፈበት ነጩ ላይ አድርጌ፣ «ዘይነባ፣ ቡና በጨው፣ ከጤና አዳም ጋር» እላለሁ። «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ስኒውን ያነሳል። አንድ ቀን ስሟን ማንበብ ረስቼ ብዘለው፣ ቡናውን ሳይቀምሰው እስኪቀዘቅዝ ቆመ።

ባለፈው ሳምንት አባቴም መሠረተ ትምህርት ገባ። ከሕፃናት ጋር በመደዳ ተቀምጦ ይጮኻል፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። «የእናትሽን ስም ራሴ ላነበው ነው» ይለኛል።

እናንተ መካነ ሰላም ያላችሁ፣ ምናልባት ድና ወደዚያ ተመልሳ ከሆነ፣ በአላህ ቶሎ ጻፉልኝ። አባቴ ትናንት «ቀ» ላይ ደርሷል፤ «ዘ» ላይ ለመድረስ ብዙ አልቀረውም።