የሸሪፍ ባላ

ሸሪፍ የቀወት ገበሬ ነው፤ መንገድ የሚባል ነገር አይወድም። ማማው ላይ ተቀምጦ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ ውሎ፣ ማታ ቤቱ ከገባ ለእሱ ዓለም ሞላች። ደብረ ሲና እንኳ የወጣው አንዴ ነው፤ ያንን ብርድ እስካሁን ሲያማው ይኖራል። “የአንተ እግር የተፈጠረው ለመታጠፍ ነው” እያለች ሚስቱ አሲያ ታሾፍበታለች።

እንግዲህ ድፍን አገሩን ያንጫጫው ይኸው ሰው ነው። ጣልያን ጣርማ በር ላይ ተራራ በሚቦረቡርበት ዘመን፣ ማሽላው እሸት ይዞ ሳለ፣ የማማው ዳስ ዘመመበት። ሸሪፍ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ፣ ከሰው ደረት የማይበልጥ ባላ ቆረጠ፤ ላጠ፣ አለሰለሰ፤ ጠዋት እደግፍበታለሁ ብሎ ደጃፉ ላይ አቁሞት ተኛ። የሞኝ ነገር! በይፋት ምድር ሰው ባላ ልጦ ደጃፉ ካቆመ፣ የተሳላሚውን በትር ይዞ ባሌ ሼህ ሁሴን ድረስ በእግሩ ለዚያራ፣ መቃብራቸውን ሊሳለም፣ ሊሄድ ተነሳ ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ያውቃል እንጂ! እንቅልፉ መጣበት፣ ረሳው፣ አለቀ።

ጎረቤቱ ኢብሮ ከብቶቹን ሲነዳ ባላውን አየ። “አልሃምዱሊላህ! ሸሪፍ ባሌ ሊሄድ ነው!” ብሎ ጮኸ። ሸሪፍ ፊቱን ሳይታጠብ ደጁ በሰው ሞላ። አንዱ ማር አመጣ፤ አንዷ የተሳለችውን አውራ ዶሮ፣ ያውም ከነነፍሱ፣ ባሌ አድርስልኝ ብላ አስታቀፈችው። “ኧረ ይሄ ባላ እኮ…” ሲል፣ “አላህ መንገዱን ያግራልህ!” ብለው አፉን አስያዙት።

ሰዉ ሲበተን ራሱን ይዞ ተቀመጠ። “አሲያ፣ ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ! አዋሽን መሻገር አለ፣ አርሲን ማቋረጥ አለ፣ በየኬላው የጣልያን ወታደር አለ። ወላሂ ፈራሁ።”

“ፈራሁ በላቸዋ! ሰው ፈርቶ አያውቅም?” አለችው እየሳቀች። “ዶሮውን ግን ራስህ ነህ የምትመልሰው።”

ያን ሰሞን ወፍ በማሽላው ላይ ሰርግ ደገሰች። ሸሪፍ ማማው ላይ ቢወጣም ዓይኑ ወደ አዋሽ በኩል እየሄደ አስቸገረው። ለካ መሄዱ ሳያስበው አምሮታል! ከዚያ ኬላው ትዝ ይለውና ዓይኑን ወደ ማሽላው ይመልሳል። በመጨረሻ ፍርሃቱ አሸነፈ። አርብ ከጁምዓ በኋላ እውነቱን ተናግሮ ሊገላገል ቆረጠ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ።

ሰዉ ከሶላት ወጥቶ ዋርካው ስር ቆሟል። ሸሪፍ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊጀምር ሲል እትዬ ሩቂያ በምርኩዝ እየተሳቡ ደረሱ። ልጃቸው ማይጨው ዘምቶ እንደወጣ የቀረባቸው እናት ናቸው።

“ልጄ ሸሪፍ፣ የምልከው የለኝም” አሉት። “እኔው ራሴ ልሄድ ተስዬ ነበር፤ ጉልበቴ ከዳኝ። የልጄን የአብዱልሃዲን ስም ብቻ ይዘህልኝ ሂድ። እዚያ ደርሰህ ጥራልኝ።”

ሸሪፍ አፉን ከፈተ። ባላው ለማማው ነው ሊል ያዘጋጀው ንግግር የት እንደገባ አላህ ይወቀው።

“ጮክ ብዬ ነው የምጠራልዎት፣ እትዬ” አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አሲያ ከሴቶቹ መሀል እልልታዋን አቀለጠችው።

የመንገዱ ቀን በሶውን ቋጥራ ሰጠችው። “ለማሽላው አታስብ፤ ወንጭፍ ከአንተ የተሻለ እችላለሁ” አለችው፤ እውነቷን ነው። ሸሪፍ ባላውን በቀኙ፣ ዶሮውን በግራ ብብቱ ይዞ ወጣ። ዶሮው በየደጁ ሲጮህ ሸኚው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ ሩቂያም ከሸኚው ጋር ተነሱ። ይቅርብዎት ቢባሉ ማን ይስማ! ጥቂት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ሸሪፍም እርምጃውን አሳጥሮ ከጎናቸው ሆነ። ሮቢ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ትንፋሻቸው አለቀና ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው ግን በርቷል።

“ይኸው፣ እስከዚህ እኔ ሄጃለሁ” አሉት። “የቀረውን አንተ ጨርስልኝ።”

ሸሪፍ ጉልበታቸውን ስሞ ወንዙ ውስጥ ገባ።