የማይተካው ደም

ደም ተቀድቶልኝ ከሆስፒታል በወጣሁ ቁጥር የሚያምረኝ ነገር ለሰው አይነገርም። አፈር ነው የሚያምረኝ። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ የእናቴን ቤት የጭቃ ግድግዳ ሲያርሰው የሚወጣው ሽታ፣ እሱ ያምረኛል። እናቴ ያለችው ደጋ ላይ ነው፤ እኔ ጎንደር፣ አራዳ። ለሐኪሜ ስነግራት ሳቀችና «የብረት እጥረት አምሮት ነው» አለችኝ። የትኛው የብረቱ፣ የትኛው የእናቴ ናፍቆት እንደሆነ ግን እስካሁን መለየት አቅቶኛል።

በሽታዬን ማስረዳት ያደክማል። ደም አነሳት ሲባል የሚያዝን ሰው ሁሉ፣ ደም በዛባት ሲባል «ታዲያ ምን ይጎዳል?» ይላል። የእኔ መቅኔ ልኩን አያውቅም፤ ቀይ ደም እያበዛ ደሜን ያወፍረዋል። ወፍራም ደም ይረጋል፤ ጭንቅላት ውስጥ ከረጋ ደግሞ አለቀ። ስለዚህ በየጊዜው ክንዴን እዘረጋለሁ፣ ደሜ በከረጢት ተቀድቶ ይደፋል። ከደሙ ጋር ብረቱም ይሄዳል። መቅኔው ያለ ብረት ደም መሥራት ስለማይችል ይሰንፋል፤ እኔም አብሬው እሰንፋለሁ። ፒያሳ ድረስ በእግሬ መውጣት ሲያቅተኝ ባጃጅ እጠራለሁ፤ ጎረምሳው ሹፌር «ቀስ ብለው ይግቡ፣ እናት» ሲለኝ ደሜ ይፈላል፣ የቀረው።

እናቴ ነገሩን የተረዳችው በአገሯ ልማድ ነው። እዚያ ራስ ምታት የጠናበት ሰው ዋግምት ይደረግለታል፤ አዋቂው ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ በቀንድ ደሙን ይመጠዋል። ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ሥራ የወጣውን ደም መተካት ነው፤ ጉበት፣ ቀይ ጤፍ፣ የበግ መረቅ። የማይተካለት ቤተሰብ ይታማል። ልጇ ደሟ በየጊዜው እየተቀዳ የሚተካላት እንደሌለ ሲገባት አላስቻላትም። አንድ ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ፣ የቀይ ጤፍ ዱቄት አሸክማ፣ አንድ ሙክት አስጭና መጣች።

«ምነው እንዲህ ገረጣሽ? ቀድተው ቀድተው ጨረሱሽ እኮ» አለች ገና በሩ ላይ።

ከቀሚሷ ጫፍ ፈትታ የብረት ክኒን ሰጠችኝ፤ ከነፍሰ ጡር ጎረቤቷ ለምና ያመጣችው ነው። ሐኪም ከልክሎኛል ብዬ መለስኩላት። አልተከራከረችኝም። እናቴ ካልተከራከረች መጠርጠር ነበረብኝ።

በየቀኑ መረቅ አፈላችልኝ። እንደ ልጅነቴ በእጇ አጎረሰችኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ አፌን ከፍቼ እጠብቃት ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ጉልበቴ ተመለሰ፤ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። የአፈሩ አምሮት ጠፋ። «አየሽ? ሸጋ ሆንሽ» ትለኛለች ጉንጬን እየነካካች። እንደዚያ ጊዜ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ራሴ ይከብደኝ፣ ገላዬን ስታጠብ ይበላኝ፣ የእግሬ ጣቶች ይቃጠሉ ጀመር። አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት አይታ «ብረትሽ ሞልቷል፤ ደምሽም እንደ መጀመሪያው ወፍሯል። ምን ወሰድሽ?» አለችኝ።

እኔ ምንም ከማለቴ በፊት እናቴ ተነሣች። «እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ክኒኑን ፈጭቼ በመረቋ ጨመርሁባት። ደሟን እየተካሁላት ነበር።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እማማ፣ እኛ የምንለፋው እንዳይተካ ነው። የብረቱ ጉድለት ነው ከሞት የሚጠብቃት። ከሞላ ደሟ ይረጋና እናጣታለን።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲያ እኔ ምን ላድርግላት?» አለች።

ስንመለስ ላስቃት ብዬ «አተርፍ ባይ አጉዳይ» አልኳት። አልሳቀችም። ብዙም ሳትቆይ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ድሮ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ምን በላሽ?» ብላ ነበር። አሁን «ቀዱልሽ?» ነው የምትለው። ቀዱልኝ ስላት «እሰይ» ትላለች። ያቺን እሰይ ለማለት እንዴት እንደሚከብዳት ከድምፅዋ አውቀዋለሁ። ስልኩን ስዘጋው ያ መረቅ ውል ይለኛል፣ ከነክኒኑ። ይገድለኝ የነበረ ነገር እንዲህ ይናፍቃል ብሎ ማን ያምነኛል?

ባለፈው ክረምት ወደ እሷ ወጣሁ። ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሰው እስኪያየኝ ድረስ አፍንጫዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ማታ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበ። እናቴ ከሞሰቡ ራቅ ብላ ተቀምጣ ስበላ ታየኛለች፤ እጇ ግን ጉልበቷ ላይ አላርፍ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ተጠጋችና አንድ ጉርሻ ጠቀለለች። አፌ አጠገብ ስታደርስ ቆመች።

«ይኼስ ደም ይሆናል?» አለችኝ።

«አይሆንም፣ እምዬ።»

«እንግዲያ አፍሽን ክፈች።»