ጓሮ የተቀበረው ቢራ

ልጅ እያለሁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንደ ቤዛ ያስቀናኝ ሰው አልነበረም። እናቷ እትዬ ዘነቡ በወልዲያው መንገድ ዳር ግሮሰሪ ነበረቻቸው። የለውጡ ሰሞን ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ስለነበር ቤታቸው ጠጪ ጠፍቶት አያውቅም፤ ማታ የተከፈተው ቆርኪ ሁሉ ጠዋት የቤዛ ነው። እኛ የሰፈር ልጆች ያገኘናትን አንዲት ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፈን፣ በምስማር በስተን፣ ክር አስገብተን እንደ ንብ እዝዝ ስናሰኛት እሷ ኪሷን ሞልታ ትመጣለች። እኔን የምታሳድገኝ አክስቴ ዘሀራ ደግሞ ቢራ ቢራ የሚሸት ቆርኪ ይዤ ከመጣሁ፣ "ሐራም የነካ እጅሽን ታጥበሽ ግቢ!" ትለኛለች።

ቆርኪውስ ይሁን፤ ያንገበገበኝ እናቷ ናቸው። የእኔ እናት ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር ፊቷን የማውቀው ስልክ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቤዛ፣ "እማ፣ ጠርሙሱ ሲገለበጥ ቢራው ለምን አይፈስም?" አለቻቸው። እትዬ ዘነቡ ሥራቸውን ትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና አንድ ቆርኪ ገልብጠው አሳዩዋት።

"ይቺን ላስቲክ አየሻት? ፋብሪካ ሲከድነው ጥርሶቹ የጠርሙሱን አንገት ነክሰው ይይዛሉ፤ ላስቲኳም አፉ ላይ ልጥፍ ትላለች። ጋዙ አይወጣ፣ አየር አይገባ! አየር የገባበት ቢራ አለቀለት፤ ማንም አፉ ላይ አያደርገው።"

ይህን እያሉ ጸጉሯን በጣታቸው ያበጥሩላታል። እኔ ዓይኔ ከጣታቸው ላይ አልነቀል አለ። ማታ ለአክስቴ ብነግራት፣ "የሰው እያየሽ አትቃጠይ፤ አላህ ለሁሉም በልኩ ይሰጣል" አለችኝ። የእኔ ልክ አንሶ ታየኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ እየቀረበ ሲሄድ እትዬ ዘነቡ የቀራቸውን ቢራ ከነሳጥኑ ጓሮ ቀበሩት። ሸራና ገለባ አልብሰው አፈር ሲመልሱበት፣ "ሌላ ንብረት የለኝም" አሉ። ከዚያ አብረን በእግራችን ወደ ገጠር ሸሸን። ቤዛ መንገዱን ሁሉ የእናቷን ነጠላ ጨብጣ ሄደች። ኔትወርክ ስለተቋረጠ የእኔ እናት በሕይወት መኖሬን እንኳ አታውቅም። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል እቀና ነበር።

ስንመለስ ግሮሰሪው ተዘርፎ ወለሉ ስብርባሪ ጠርሙስ ሆኗል። እትዬ ዘነቡ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞሩ። ተረዳድተን ቆፈርን። ቆርኪዎቹ ዝገዋል። የመጀመሪያውን ሲከፍቱት ምንም ድምፅ የለም፤ ቆርኪው አየር አስገብቶ ኖሮ ቢራው የኩሬ ውሃ መስሏል። የሚቀጥለውም ያው ነው። ሌላውን አነሡና ከፈቱት። "ፍስስ!" አለና አረፋው በእጃቸው ላይ ገነፈለ።

"ይዞታል! ልጄ፣ ይዞታል!" ብለው ቤዛን አቅፈው አለቀሱ።

አክስቴ ሳይታወቃት "አልሐምዱሊላህ!" አለችና ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አካፋውን እንደያዝኩ የቤዛን ጀርባ የሚደባብሰውን የእናቷን እጅ ሳይ ሳቁ አልመጣልኝ አለ።

ከመሬት የተረፈው ቢራ ግሮሰሪውን መልሶ ለማቆም አልበቃም። ቤዛ ከፍ ስትል ትምህርቷን አቋርጣ ቤሩት ሄደች። የእኔ እናት ደግሞ ተመልሳ፣ ይኸው ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን እንለማመዳለን።

ባለፈው ሰሞን እትዬ ዘነቡ ታመው ልጠይቃቸው ሄጄ አጥሚት እያጠጣኋቸው ቤዛ ደወለች።

"ሐያትዬ፣ እማ እንዴት ናት?"

"ዛሬ ይሻላቸዋል። አጥሚት እየጠጡ ነው።"

"አጠገቧ ነሽ?"

"አዎ፣ ደገፍ አድርጌያቸው።"

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ኩባያውን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

"ታድለሽ" አለችኝ።