የጠመንጃው ማደሪያ

የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሽታ በድንገት ሲመጣብኝ ዛሬም ትከሻዬን ይከብደኛል። ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ በአንድ ልብስ ሰፊ በር አለፍኩ፤ ሰውየው መኪናውን ፈታትቶ ዘይት እየቀባ ስለነበር ሽታው እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር፣ እኔም ሳላስበው ቆም አልኩ። ለሌላ ሰው ይህ ሽታ የበዓል ልብስ ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ግን አባቴ ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እየተከደነ፣ በአሮጌ ጨርቅ የሚወለውለውን ጠመንጃ ነው። የጅቡቲ አየር ጨው ስላለበት ብረት አንድ ቀን ካልተቀባ ይዝጋል፤ የጠመንጃ ዘይት ደግሞ ውድ ስለነበር አባቴ የሚቀባው የስፌት መኪና ዘይት ነበር።

አባቴ አብዱራህማን ዘበኛ ነበር። በወጣትነቱ ከድሬዳዋ መጥቶ፣ ብዙ ሥራ ሞክሮ፣ በመጨረሻ ፔካ 12 ላይ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ተራ እየጠበቁ በሚያድሩበት መንገድ ዳር፣ አንድ የግል መጋዘን ለመጠበቅ ተቀጠረ። ጠመንጃውም ፈቃዱም የመጋዘኑ ባለቤት ንብረት ነበሩ። ባለቤቱ ግን መሣሪያ የሚቆለፍበት ክፍል አልሠራም ነበርና፣ ዘበኞቹ ጠዋት ሲወጡ ጠመንጃቸውን በጆንያ ጠቅልለው በመጋዘኑ ሚኒባስ ወደየቤታቸው ይዘውት ይሄዱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ይዘውት ይመለሱ ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ቀን ቀን የሚተኙ ሁለት ነበሩ፤ አባቴና ጠመንጃው።

ቤታችን ካርቲየ 5 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ፣ ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ግቢውን የምንጋራው ከሐሊማ ቤተሰብ ጋር ነው። ሐሊማ ሶማሊ ናት፤ ከእናቴ ከኑሪያ ጋር ግን እንደ እህት ስለነበሩ፣ ልጆቿ እኛ ቤት፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዘኪ እነሱ ቤት ስንገባና ስንወጣ የሚከለክለን አልነበረም። ምሳ ሲደርስ እናቶቻችን የሚያበሉት የወለዱትን ሳይሆን ደጃፍ ላይ ያገኙትን ልጅ ሁሉ ነበር። ይህን የማነሳው፣ በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር መደበቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

በቀዝቃዛዎቹ ወራት ጠመንጃው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይተኛ ነበር፤ ጥይቶቹም በዝናራቸው እዚያው አብረውት ነበሩ። ዘኪ ወንበር እየጎተተ መውጣት ሲጀምር እናቴ ዕረፍት አጣች። አባቴ ተኝቶ ሳለ እሷ ድስት እየማሰለች በአንድ ጆሮዋ ወንበር ሲጎተት ታዳምጥ ነበር። በኋላ አባቴ፣ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ፣ ጠመንጃውን ከነዝናሩ ከእሱና ከእናቴ አልጋ ሥር፣ ከርብራቡ ጋር በገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ጎንበስ ብሎ ላላየ አይታይም ነበር። እናቴም ጎንበስ ብላ አይታ ወደ ድስቷ ተመለሰች፤ ሁላችንም ይህን እንደ ስምምነት ቆጠርነው።

ጅቡቲ ላልኖረ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሙቀቱ ሲገባ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተኝቶ ማደር ስለማይቻል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው አልጋውን ወደ ግቢ ያወጣል፣ ጠዋት ደግሞ መልሶ ያስገባል። አልጋ ማውጣት የልጆች ሥራ ነበር፤ የማን ልጅ የማንን አልጋ እንደሚያወጣም ወሰን አልነበረውም፣ እጁ ባዶ የሆነ ልጅ ያገኘውን አልጋ ጫፍ ይይዛል። የአባቴ መፍትሔ የቀዝቃዛው ወራት መፍትሔ ነበር። አልጋ ከቤት የሚወጣ ዕቃ መሆኑን እሱም እናቴም ረስተውት ነበር።

የመጀመሪያው ሙቀት የገባው አርብ ቀን፣ አባቴ ሥራ በማይወጣበት ዕለት ነው። እሱ መስጊድ ነበር፣ እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። የሐሊማ ትልቁ ልጅ ኢድሪስና ሁለት ጓደኞቹ ማንም ሳይልካቸው ገብተው የወላጆቼን አልጋ አነሱ። እኔ ትራሶቹን አቅፌ ከኋላ ተከተልኳቸው።

«ይሄ አልጋ ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?» አለ ኢድሪስ።

«የአንተ ክንድ ነው ምንም ያልበላው» አለው አንዱ፣ ተሳሳቁ፣ ደፉን ሊሻገሩ አልጋውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉት። ገመዱ ከበሩ መቃን ጋር ተፋትጎ ተበጠሰና ጥቅሉ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ጆንያው ተከፈተ፣ ጥይቶቹም ከዝናሩ እየተንሸራተቱ በሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ። አልተተኮሰም፤ ጠመንጃው ጥይት አልጎረሰም ነበር። ሁላችንም ግን ባለንበት ደርቀን ቀረን። የተንቀሳቀሰው ዘኪ ብቻ ነበር፤ ሮጦ አንድ ጥይት አንስቶ እፍኙ ውስጥ ጨበጠው። እናቴ ሳሙና በነካው እጇ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትፈለቅቅ፣ እሱ «የኔ ነው! መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ!» እያለ ያለቅስ ነበር።

አባቴ ሲመለስ የጠበቀችው እናቴ አልነበረችም፣ ሐሊማ ነበረች። «አብዱራህማን» አለችው፣ «የዛሬውን አላህ አተረፈን። የሚቀጥለውን አንተ ቆልፈው።» አባቴ ጥይቶቹን ለቅሞ፣ ጎድሎ እንዳይሆን ደጋግሞ ቆጠራቸው።

እኛ እንደ ብዙዎቹ ቤተሰቦች የበጋውን ቃጠሎ የምናሳልፈው ድሬዳዋ፣ አያቴ ዘንድ ነበር። በዚያ ዓመት ሻንጣው ቀደም ብሎ ተዘጋጀ። ወላጆቼ የሚነጋገሩት እኔ ልብስ በማጥፍበት ክፍል ውስጥ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ለዚያ ነገር ማደሪያ ካላገኘህለት አንመለስም» አለች እናቴ። «ልጆቹ እዚያው ይማራሉ።»

«ሥራውን ልተው ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም። ቤት ፈልግለት ነው ያልኩህ። እኛ ቤት አለን፣ እሱ ግን የለውም።»

«ኧረ አቦ ኑሪያ፣ በእኔ ደሞዝ ካዝና ይገዛል እንዴ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው የልጄን ጣት ከጥይት ላይ መፈልቀቄን ነው።»

ድሬዳዋ እንደደረስን እናቴ እዚያ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ሄዳ ስለ ምዝገባ ጠየቀች። ያን ጊዜ ነው ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ከዚያ በኋላ የበጋው ወሬ ሁሉ በአያቴ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ስልክ የሚመጣ ሆነ። አባቴ በየሳምንቱ ይደውል፣ እናቴ ጀርባዋን ለገበያተኛው ሰጥታ ትሰማ፣ እኔ ጣቃዎቹ መካከል ተቀምጬ ከእሷ መልስ የእሱን ጥያቄ እገምት ነበር። መጀመሪያ ያገኘው ጠንካራ የእንጨት ሣጥንና ትልቅ ጓጉንቸር ነበር።

«ማጠፊያው ውጭ ነው ውስጥ?» አለችው። ጥቂት ቆይታ፣ «ውጭ ከሆነማ ቡሎኑን በቢላዋ ጫፍ ፈትቼ ክዳኑን በጀርባው እከፍተዋለሁ፣ ጓጉንቸርህም አፉን ዘግቶ ያየኛል» አለች። መደብሩ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ቀጥሎ ቢሮውን ዘግቶ ከሚሄድ ሰው የሚሸጥ ካዝና አገኘ፤ ለዋጋው የአባቴ የብዙ ወራት ደሞዝ አይበቃም ነበርና ወሬው እዚያው ቀረ። ከዚያ አንድ በያጅ ከላሜራ ቁም ሣጥን ሠርቶ ግድግዳ ላይ በቡሎን እንደሚያስርለት ነገረው። «የትኛው ግድግዳ ላይ?» አለች እናቴ። «ግድግዳችን ጣውላ ነው። ሌባው ሣጥኑን ከነግድግዳው ይዞት ይሄዳል።» ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጇን ማስቀመጫው ላይ እንዳደረገች ትቆይ ነበር። ደክሟት እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያን ጊዜ የተቆጣች ይመስለኝ ነበር።

መፍትሔው የመጣው የእናቴ ወንድም ከሆነው ከሾፌሩ ከአጎቴ ጀማል ነው። ከባድ መኪና የሚያውቅ ሰው፣ ከተሳቢው ሥር በሁለቱ ጎን የሚታሰረውን የመፍቻ ሣጥን ያውቀዋል። ሾፌር መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ስለሚተኛ ይህ ሣጥን በቀላሉ እንዳይፈለቀቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ብረቱ ወፍራም፣ ማጠፊያው ውስጥ፣ ቁልፉ በብረት ከንፈር የተሸፈነ። ጀማል ፔካ 12 ላይ ከተጣለ ተሳቢ ላይ ርዝመቱ የሚበቃ አንዱን በርካሽ ገዛለት። አባቴም በያጅ አምጥቶ አስጠገነው፣ የቤታችንን ወለል ጥግ ላይ ቆፍሮ ቡሎኖቹን ሲሚንቶ ውስጥ ቀበራቸው፣ ሣጥኑንም ከውስጥ በኩል አሰረው። እርጥበት እንዳይበላው ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ ጥጉ ላይ አስቀመጠ። በስልክ ሲነግራት እናቴ ብዙ ጠየቀች፣ በመጨረሻም «መጥቼ አየዋለሁ» አለች። አየዋለሁ እንጂ እንመለሳለን አላለችም።

ሙቀቱ ሲበርድ ተመለስን። እናቴ ሻንጣዎቹ እንዳይፈቱ አዝዛ ሣጥኑ ፊት ቆመች። ጎትታ አየችው፣ በእግሯ ገፋችው። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥታ የእኛንም የሐሊማንም ልጆች ጠርታ ሰበሰበች። «ይህን ሣጥን የሚከፍት ልጅ የፈለገውን ይጠይቀኝ» አለች። ጠመንጃው በዚያ ሰዓት ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም፤ አባቴ ሚኒባሱ እስኪመጣ ታቅፎት ተቀምጦ ነበር። ልጆቹ ሚስማርና ማንኪያ እያመጡ ተረባረቡ። ኢድሪስ በድንጋይ ሊመታው ሲል አባቴ በኩራት ፈገግ አለ። ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም።

«በቁልፍ ይፈቀዳል?» አለ ዘኪ።

«ካገኘኸው» አለች እናቴ።

ዘኪ በቀጥታ ወደ በሩ ጀርባ ሄደ። እዚያ የአባቴ ካፖርት ተሰቅሏል፤ በቤቱ ያለው ብቸኛ ካፖርት ነበር፣ ጅቡቲ ውስጥ ማን ካፖርት ይነካል ብሎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶታል። እኛ ልጆች ግን ድብብቆሽ ስንጫወት ሁልጊዜ የምንገባው እዚያ ካፖርት ውስጥ ነበር፣ አባቴ የሚደብቀውን ኪሱ ውስጥ እንደሚያደርግም እናውቅ ነበር። ዘኪ ቁልፉን አውጥቶ ለእናቴ ሰጣትና ብስክሌት ጠየቀ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ሻንጣዎቹን አየች፣ እኔም እሷን አየሁ። ያን ጊዜ ልባችን በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ዘኪ ብቻ ነበር የማያውቀው። እናቴ ፎጣዋን ከራሷ ላይ አንስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሣጥኑ ደህና ነው» አለች። «ቁልፉ ነው ቤት የሌለው። ጥይቱ ሌላ ሣጥን ይሠራለት፣ የዚያን ቁልፍ እኔ አንገቴ ላይ አደርገዋለሁ። የጠመንጃውን አንተ ወገብህ ላይ ታስረዋለህ። ሁለቱ ቁልፎች አንድ ሰው ጋ ካደሩ ሣጥኑ አንድ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሻንጣውን ፍቺ» አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ ጅቡቲ ቀረን። ይህ ሥርዓት ግን ምን እንደሚጠይቅ ያን ቀን አልታሰበንም። አባቴ ጠዋት ሲገባ ጥይቱን የሚቀበል፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሲወጣ የሚሰጥ ሰው ቤት ውስጥ መኖር ነበረበት፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። ራስ ዲካ ወደሚባለው ሰፈር ዘመድ ጥየቃ ብንሄድ በመካከል ተነስታ «ሰዓቴ ደረሰ» ትል ነበር። ቢያማት ተነስታ ትጠብቀው ነበር። በአንዱ ቀዝቃዛ ወራት የታናሽ እህቷ ሠርግ ድሬዳዋ ሆነ። እኔ የፈተና ሰሞን ላይ ስለነበርኩ እኛን መውሰድ አልተቻለም፤ አባቴ «ሦስት ቀን ሁለቱንም ቁልፍ እኔ ልያዝ፣ ወይም ለሐሊማ ስጫት» አላት። «ሐሊማ ቤት ያሉት ልጆች አይደሉም?» አለችውና ቀረች። በሠርጉ ዕለት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እልልታውን ስትሰማ ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። ስልኩን ለእኔ አቀብላ፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ፣ ሄዳ ከፈተች።

የመጋዘኑ ባለቤት ዘግይቶም ቢሆን የብረት በር ያለው ክፍል አሠራ፣ ዘበኞቹም መሣሪያቸውን እያስረከቡ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት መግባት ጀመሩ። እኔ ያን ጊዜ አድጌ ነበር። እናቴ ወሬውን ስትሰማ «እሺ» ብቻ አለች።

አሁን አስተማሪ ነኝ፣ ማስረዳትም እወዳለሁ። በቅርቡ የአንድ ተማሪዬ እናት፣ ባሏ እንደ አባቴ ዘበኛ የሆነ፣ ለጠመንጃ ምን ዓይነት ሣጥን ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ፤ ማጠፊያው ውስጥ ይሁን፣ ከወለሉ ጋር ይታሰር፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ፣ መጀመሪያ ግን ጠመንጃው እዚያው ሥራው ቦታ የሚያድርበትን መንገድ ጠይቁ ብዬ በቅደም ተከተል ነገርኳት። ርካሽ መሆኑን ስትሰማ ደስ አላት። ርካሽ ሣጥን ቀሪውን ዋጋ ከማን ላይ እንደሚቀበል ግን ለማስረዳት ጀምሬ፣ ደክሞኝ፣ ተውኩት።

አባቴ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ደግሞ አሁን የአስር ሶላቷን ሰግዳ ትተኛለች። ያን ሁሉ ዓመት ቆማ ታሳልፈው የነበረው ሰዓት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ የግቢው ልጆች ሲጮሁ በእጁ ዝም ያሰኛቸዋል፣ እኔንም ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ጫማዬን እዚያው አውልቄ፣ ድምፅ ሳላሰማ በተኛችው እናቴ አጠገብ አልፋለሁ።